ፈልጎ ማግኘት፦ የጎንደር መዝገቦች ከካርድ ክፍል እስከ ሰርቨር ክፍል

ጎንደር ውስጥ ዳታቤዝ እጠብቃለሁ። ሥራህ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ የተጻፈን ነገር ፈልጎ ማግኘት። መጻፉን ብዙ ሰው ይችልበታል። ዘንድሮ የተጻፈውን ከዓመታት በኋላ፣ ባለጉዳዩ መስኮቱ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሳያንገላቱት አውጥቶ መስጠት ነው ጭንቁ። "ሲስተም የለም" የሚለው ቃል በከተማችን መስኮቶች ሁሉ ተለምዷል። ብዙ ጊዜ ግን ሲስተሙ አለ፤ መብራቱም ኔትወርኩም አለ። የጠፋው መዝገቡን ቶሎ የሚያስገኝ አደራደር ነው።

እንዲህ ሲሆን ከሁሉም አፍ የሚወጣው መፍትሔ አንድ ነው፤ ጠንካራ ሰርቨር ይገዛ። ይገዛል። ካርቶኑ ተከፍቶ ማሽኑ መደርደሪያው ላይ ይወጣል፤ ዳታውም ይዛወራል። ከዚያ የተጠበቀው ፍጥነት ሳይመጣ ይቀራል፤ አንዳንዴም ከአሮጌው ማሽን ይብሳል። ይህ ነገር የኮምፒውተር ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የጎንደርንና የሰሜን ደጋን የመዝገብ ታሪክ ሳገላብጥ ግን ያው ነገር ደጋግሞ ገጠመኝ። ክፍሉ ሲሰፋ፣ ሳጥኑ ሲበዛ፣ ማሽኑ ሲያድግ ፍለጋው በራሱ ፈጥኖ አያውቅም። የሚፈጥነው አደራደሩን የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያስተካክለው ነው።

የከተማዋ የቀድሞ መዝገብ ቤቶች አድባራቱ ናቸው። ፋሲል ግቢ ውስጥ የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ሕንፃ ዛሬም ቆሟል፤ ለእኔ ሙያ ግን ይበልጥ የሚቀርበው የወንጌል ኅዳግ ነው። በጎንደር ዘመን መሬት ሲሸጥ፣ ሲወረስ፣ ጉልት ሲሰጥ፣ ጉዳዩ በደብሩ ወንጌል ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። የሻጭና የገዥ ስም፣ ዋጋው፣ ምስክሩ፣ ዋሱ ሁሉ እዚያ አለ። የሚጻፈው ክፍት ቦታ በተገኘበት ስለሆነ በጊዜም በስምም የተደረደረ አልነበረም። ሙግት ሲነሳ ውሉ በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ቅጠል ጀርባ እንዳለ የሚያውቀው መጽሐፉን የሚጠብቀው ሰው ነው። ማውጫው በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ እሱ ሲያልፍም አብሮት ይቀበራል። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጎንደርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት እየዞረ እነዚህን ጽሑፎች በማይክሮፊልም አነሳ፤ በ2000 ያሳተመው ትልቁ የመሬት ታሪክ መጽሐፉም በእነሱ ላይ የቆመ ነው። ጽሑፎቹ ሁለት መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ እዚያው ነበሩ። ለታሪክ ጸሐፊ አገልግሎት መስጠት የጀመሩት አንድ ላይ ተሰብስበው፣ የትኛው ውል ከየትኛው ደብር እንደሆነ ከተለየ በኋላ ነው።

የዘመናዊው መዝገብ ታሪክ ደግሞ በወባ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ሜዳ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ ሰባት ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይነገራል። በማግስቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የእርዳታ ተቋም ጋር ሆኖ ያቋቋመው ነው። ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በቡድን ይሠለጥኑ ነበር፤ ተማሪዎቹ ቆላ ድባን በመሰሉ ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች ወጥተው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ኮሌጁ በተከፈተ በአራተኛው ዓመት፣ በ1958፣ ወባ ደጋውን ጭምር አዳረሰ። ሦስት ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150,000 እንደሞተ በወቅቱ ጉዳዩን ያጠኑ ባለሙያዎች ጽፈዋል። ሁለቱም ቁጥሮች ግምት ናቸው። ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ቀዬውን ለቆ እንደሄደ በየቀበሌው የሚጽፍ ስላልነበረ ከግምት ሌላ አማራጭ አልነበረም። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል፤ የእኔን ሙያ ትርጉም የሚሰጠውም ይኸው ነው።

አክስቴ በከተማችን ባለ አንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል እስከ ጡረታዋ ሠርታለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ዘንድ እየጠበቅሁ ነው ያደግሁት። የካርድ ክፍል ሥራ ከውጭ ለሚያየው ሰው ፎልደር ማንሳትና መመለስ ነው። በውስጡ ግን ሁለት ነገር አለ። ፎልደሩ የሚደረደረው በቁጥር ነው፤ ሰው ግን ቁጥሩን ይዞ አይመጣም፤ ስሙን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከስም ወደ ቁጥር የሚያሻግር ሌላ መዝገብ ያስፈልጋል። በድሮው አሠራር ይህ መዝገብ በመጡበት ቀን ተራ የተጻፈ ትልቅ ደብተር ነበር፤ ቀጠሮ ወረቀቱን የጣለ ታካሚ የመጣበትን ወር ካላስታወሰ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ማገላበጥ ነው። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በአገሪቱ በተዘረጋው አዲሱ የጤና መረጃ ሥርዓት ግን በስም ተራ የሚደረደሩ ትናንሽ ካርዶች መጡ። ስሙን ከሳጥኑ ታወጣለህ፤ ካርዱ ቁጥሩን ይነግርሃል፤ በቁጥሩ ወደ መደርደሪያው ትሄዳለህ። ዛሬ በዳታቤዝ ውስጥ ኢንዴክስ የምንለው ነገር ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም።

አክስቴ ካርዱን ስታወጣ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ከወገራ፣ ከጃናሞራ፣ ከበለሳ የመጡ አዛውንት መስኮቱ ላይ ይቆማሉ።

"እማማ፣ ባለፈው ሲመጡ ማን ብለው ነው የተመዘገቡት?"

"እንጃ ልጄ፣ ልጄ ነው ያጻፈኝ። የክርስትና ስሜን ሰጥቶ እንደሁ።"

ከዚያ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ቀበሌ፣ ጎጥ ይጠየቃል። ስሙ ከታወቀ በኋላ ደግሞ የፊደል ነገር አለ። አንዱ ጸሐፊ "ኃይሉ" ብሎ ጽፏል፤ ሌላው "ሀይሉ"፤ ሦስተኛው "ሐይሉ"። "ዓለሙ" እና "አለሙ"፣ "ሥዩም" እና "ስዩም"፣ "ፀሐይ" እና "ጸሀይ" ሁሉም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። በፊደል ተራ ከሄድህ ሦስት ቦታ ትፈልጋለህ፤ አንዱን ቦታ ብቻ ያየ ሠራተኛ "የለም" ብሎ አዲስ ካርድ ያወጣል፤ ታካሚዋም ሁለት ፎልደር ይኖራታል፤ የስኳር በሽታዋ በአንዱ፣ የደም ግፊቷ በሌላው። አክስቴና ባልደረቦቿ ይህን ያወቁት ከማንም መመሪያ አይደለም። በሳጥኑ ውስጥ የሀ ወገን ሁሉ በአንድ መከፋፈያ፣ የሰ ወገን ሁሉ በአንድ መከፋፈያ፣ አ እና ዐ አንድ ላይ፣ ጸ እና ፀ አንድ ላይ እንዲሆኑ ተስማሙ። በካርዱ ላይ ስሙ እንደተጻፈ ይቆያል፤ የሚቀመጥበት ቦታ ግን አንድ ነው። እንዲህ ያለ ጠቃሚ ሥራ በጎንደር የቢሮ ሥራ ታሪክ ውስጥ ስሙ ሳይነሳ መቅረቱ ቅር ይለኛል።

አንድ ጊዜ ክፍሉ ጠበበ ተብሎ ሰፊ ክፍል ተሰጣቸው። አዲስ የብረት መደርደሪያ ተገጠመ፤ መስኮቱ ሰፊ፣ ብርሃኑ ጥሩ ነበር። ፎልደሩን ያጓጓዙት ግን የጉልበት ሠራተኞች ናቸው፤ እንደተሸከሙት አስቀመጡት። ቁጥር ከቁጥር ተቀላቀለ። ወረፋው ከጠባቡ ክፍል ይልቅ ረዘመ። "ልጄ፣ ክፍሉማ ሰፋ፤ ካርዱ የት እንዳለ ማን ይወቅ?" ትለኝ ነበር አክስቴ ማታ እግሯን ስትታጠብ። ወደ ቀድሞው ፍጥነታቸው የተመለሱት መደርደሪያዎቹ ላይ ከየትኛው ቁጥር እስከ የትኛው እንዳለ እየጻፉ ሁሉንም እንደገና ከደረደሩ በኋላ ነው። የሰፊው ክፍል ጥቅም የታየው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ደጋው ልውጣ። ዳባት ከጎንደር በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ያኔ የጎንደር የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የነበረው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1989 ዓ.ም. እዚያ የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ጀመረ። ዓላማው እ.ኤ.አ. በ1958 የጎደለውን ነገር መሙላት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከደጋም፣ ከወይና ደጋም፣ ከቆላም ቀበሌዎች ተመርጠው፣ ቤቱ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በየቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ተመዘገበ። ከዚያ መረጃ ሰብሳቢዎች በየጊዜው እየተመለሱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ለቀቀ፣ ማን ገባ ብለው ይጠይቃሉ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን አስተዛዝነው፣ እንዴት እንደታመመ ጠይቀው፣ የሞቱ ምክንያት በሐኪሞች እንዲወሰን ይጽፋሉ። በዝናብም በብርድም በእግር የሚሠራ ሥራ ነው። በኋላ ክትትሉ አራት የከተማና ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችን ይዟል።

የዚህ ዓይነት ክትትል ከቆጠራ ይለያል። ቆጠራ በአንድ ቀን ብቻ ይመዘግብሃል፤ በ1976፣ በ1987፣ በ1999 ዓ.ም. እንደተካሄዱት አገር አቀፍ ቆጠራዎች ማለት ነው። ክትትል ግን ያው ሰው ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ቁጥር እንዲታወቅ ይፈልጋል። አንዲት ሴት ከአንዱ ቀበሌ አግብታ ወደ ሌላው ብትሄድ ቁጥሯ አብሯት መሄድ አለበት። በዳባትና በመሰሎቹ የአገራችን ጣቢያዎች ይሠራበት የነበረው ፕሮግራም በጋናው የናቭሮንጎ ጥናት የዳበረው የቤተሰብ ምዝገባ ሥርዓት ነው፤ የተጻፈውም በቪዥዋል ፎክስፕሮ ነው። ፎክስፕሮን የሚያስታውሱ የእኔ ዕድሜ ሰዎች በጎንደር ብዙ ናቸው። የደመወዝ መክፈያውም፣ የንብረት መዝገቡም፣ የተማሪ ውጤቱም በእሱ ይሠራ ነበር።

ፎክስፕሮ ለትንሽ ቢሮ ድንቅ ነበር። የፍለጋው አገላለጽ ኢንዴክሱ ከተሠራበት አገላለጽ ጋር አንድ ከሆነ፣ ረሽሞር በሚባለው ዘዴው በደካማ ማሽን ላይ እንኳ መቶ ሺህ ረድፍ ውስጥ የፈለግኸውን ወዲያው ያመጣል። ጠባዩን የማያውቅ ሰው ግን ሰርቨር በመግዛት አሻሽለዋለሁ ብሎ ያስባል። እኔ ራሴ በሠራሁበት አንድ ቢሮ ይህ ሆኗል። አዲስ ሰርቨር መጣ፤ ፋይሎቹ ወደ እሱ ተገለበጡ፤ ጸሐፊዎቹ ጠዋት ገብተው ሲከፍቱት ልክ እንደ ትናንቱ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፎክስፕሮ ዳታውን በፋይል ያስቀምጣል፤ ፋይሉ የጋራ ፎልደር ውስጥ ሆኖ የየጸሐፊው ኮምፒውተር በኔትወርክ ይከፍተዋል። ሰርቨሩ ፋይል ከማቀበል ያለፈ ሥራ የለውም። መፈለጉ፣ ማወዳደሩ፣ መደመሩ የሚካሄደው ጸሐፊዋ ፊት ለፊት ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ተስማሚ ኢንዴክስ ከሌለ ደግሞ ፋይሉ በሙሉ በኔትወርክ ገመዱ አልፎ ወደ እሷ መምጣት አለበት። ፍጥነቱን ያመጣነው ገመዱንና ማከፋፈያውን በመቀየርና ኢንዴክሶቹን እንደ ፍለጋው አድርገን በመሥራት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር የሚበላሹትን ኢንዴክሶች ጠዋት ጠዋት እንደገና መሥራትም የዘመኑ ግዴታ ነበር።

ያ ዘመን ማለቁ አልቀረም። አንድ የፎክስፕሮ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም፤ ማይክሮሶፍትም ከ9ኛው ሥሪት በኋላ ሌላ እንደማይኖር እ.ኤ.አ. በ2007 አስታውቆ በ2015 ድጋፉን አቆመ። እነ ማይኤስኪውኤልና ፖስትግሬስኪውኤል የተባሉ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ተኩት። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የሪፖርት ሥርዓትም በፖስትግሬስኪውኤል ላይ የቆመ ነው። ሥርዓቱ መነሻው ከአፓርታይድ ማግስት የደቡብ አፍሪካ የጤና ቢሮዎች ነው፤ በኋላ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አሳደገው። በእኛ አገር የአንድ ወር የጤና ሪፖርት ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለውን ይይዛል። ስለዚህ ከ20 በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ጤና ጣቢያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባል። ዳታቤዝ የሚፈተነው በእነዚህ ቀናት ነው፤ በ10 ቀን የፈጠነ ሰርቨር ለ22 ቀን ምስክር አይሆንም።

በዚህ አዲስ ዓለም ሰርቨሩ በእርግጥ ይሠራል፤ መፈለጉም መደመሩም በእሱ ላይ ነው። "እንግዲያው ጠንካራ ማሽን መግዛት ነዋ" ይባላል። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ልተወው፣ አሮጌውን ማሽን ጥሎ 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ሰርቨር አስገባ። ዳታው ከአሮጌው ወጥቶ በአዲሱ ላይ ተጫነ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲጀመር ድሮ ሻይ እስኪቀርብ የሚያልቀው የወር ሪፖርት ምሳ ሰዓት ድረስ "እየዞረ ነው" ተባለ። ኃላፊው ዕቃው ሐሰተኛ ነው ብለው አቅራቢውን ለመክሰስ ተነሡ። እንድመለከተው ተጠራሁ።

ያገኘሁትን በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፤ ነገሩ በሌላም ቦታ እንዳለ ይደገማልና። የመጀመሪያው፣ ፖስትግሬስ ሲጫን ለራሱ የሚይዘው የጋራ ሜሞሪ 128 ሜጋባይት ብቻ ነው። ማሽኑ 64 ጊጋባይት ቢኖረውም እሱ ሳይነገረው አይነካውም፤ ከአምስት መቶ አንድ እጅ ያህሉን ይዞ ይቀመጣል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በበኩሉ የተነበበውን ፋይል በቀሪው ሜሞሪ እየያዘ ያግዘዋል እንጂ ነገሩ ከዚህም ይከፋ ነበር። አሮጌው ማሽን ላይ የነበረ ሰው ይህን ቁጥር ከዓመታት በፊት አስተካክሎት ነበር፤ ያ የማስተካከያ ፋይል ግን ከዳታው ጋር አልተዛወረም። ለአንድ ድርደራ የሚፈቀደው ሜሞሪም 4 ሜጋባይት ላይ ቆሟል፤ ሪፖርቱ ሲደረደር ሞልቶ ወደ ዲስክ ይፈስሳል። የጋራውን ወደ ማሽኑ ሩብ ከፍ ማድረግ የተለመደ መነሻ ነው፤ እንደዚያው አደረግን።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስተማረኝ ነው። ዳታቤዝ አንድ ጥያቄ ሲቀርብለት በየትኛው መንገድ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያቅዳል። ሠንጠረዡ ስንት ረድፍ እንዳለው፣ የትኛው እሴት ብዙ፣ የትኛው ጥቂት እንደሆነ ከሚያሳይ አኃዝ ተነስቶ ነው የሚያቅደው። ዳታው ወጥቶ እንደገና ሲጫን ይህ አኃዝ በአብዛኞቹ ሥሪቶች አብሮ አይመጣም። አኃዙ በራሱ እስኪሰበሰብ አዲሱ ሰርቨር ስለያዘው ዳታ የሚያውቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሚያቅደው በግምት ነው፤ ልክ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ደጋው ሕዝብ እንደተገመተው። መድኃኒቱ አናላይዝ የምትባል አንዲት ትእዛዝ ናት። በአሮጌው ማሽን ላይ በኢንዴክስ ይሄድ የነበረ ፍለጋ በአዲሱ ላይ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያነብ ነበር፤ ትእዛዟ ከተሰጠች በኋላ ወደ ኢንዴክሱ ተመለሰ።

ሦስተኛው የእኛው የራሳችን ነው። ቀኖቹ የተቀመጡት በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን ሪፖርቱ የሚጠየቀው በኢትዮጵያ ወር ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው እያንዳንዱ ረድፍ ላይ ያለውን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር እየለወጠ "ሐምሌ ነው ወይ?" ብሎ እንዲጠይቅ አድርጎታል። እንዲህ ሲሆን በቀኑ ላይ ያለው ኢንዴክስ ከንቱ ነው፤ ረድፉ ሁሉ ካልተለወጠ መልሱ አይታወቅም። መፍትሔው መገልበጥ ነው። ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው፤ ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ነው። ሁለቱን ዳርቻዎች አንድ ጊዜ ለውጠህ "ከዚህ እስከዚህ" ብለህ ትጠይቃለህ፤ ኢንዴክሱ ሥራውን ይሠራል። አሮጌው ማሽን ላይም ይህ ስህተት ነበር፤ ግን ሰው ዝግታውን በማሽኑ እርጅና ያሳብበው ስለነበር ማንም ወደ ፕሮግራሙ አላየም። አዲስ ማሽን ሲመጣ የሚሸሸግበት አጣ። የጠንካራ ሰርቨር አንዱ ትልቅ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

የስሙን ነገር ያስተካከልሁት ከአክስቴ ሳጥን በተማርሁት ነው። ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ በአጠገቡ ግን የሀ፣ የሰ፣ የአ እና የጸ ወገኖች ወደ አንድ የተሰበሰቡበት የፍለጋ ስም ሌላ ዓምድ ይይዛል፤ ኢንዴክሱም በዚያ ላይ ይሠራል። የአባትና የአያት ስም አብሮ ይገባበታል፤ ምክንያቱም በአንድ ወረዳ ውስጥ አንድ የተለመደ ስም ብቻውን ብዙ ሰው ያመጣል። ዝርዝሩን ሲያዩ የካርድ ክፍል ሠራተኞቹ ናቸው ወዲያው የገባቸው፤ ሶፍትዌሩን ያመጣው ድርጅት ባለሙያ ግን ረጅም ማብራሪያ ጠይቆናል።

ሌላ ቢሮ ላይ ደግሞ ነገሩ ከዝግታም ያልፋል። እዚያ ዳታውን አውጥተው አልጫኑም፤ የዳታቤዙን ፋይሎች እንዳሉ ወደ አዲስ ሊኑክስ ሰርቨር ቀዱ። ፍጥነቱ ጥሩ ነበር። ግን በአካል ያሉ፣ በወረቀት ፎልደር ያላቸው ቤተሰቦች ሲፈለጉ "የለም" ይላል። የቤት ቁጥሩ እንደ 03-112 በመሐሉ ሰረዝ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ ሥሪት የፊደልና የምልክት አደራደር ደንቡን ቀይሯል፤ ሰረዝ ያለውና የሌለው ጽሑፍ የሚቀዳደሙበት ተራ ከድሮው ተለየ። ኢንዴክሱ የተደረደረው በአሮጌው ደንብ ነው፤ አዲሱ ሰርቨር የሚፈልገው በአዲሱ ደንብ። ረድፉ አለ፤ ሰርቨሩ ግን በሌላ ቦታ ይፈልገዋል። ኢንዴክሶቹ እንደገና ሲሠሩ ሁሉም ተገኘ። በመካከሉ ግን "የለም" የተባሉ ሰዎች በአዲስ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ተመዝግበው ነበር፤ እነሱን ማጣራት ከሰርቨሩ ግዢ የበለጠ ጊዜ ወስዷል። ፍጥነትን ብቻ የሚለካ ሰው ይህን አያየውም። ስለዚህ ከዝውውር በኋላ ከወረቀቱ ጥቂት ፎልደር አንስቶ በቁጥርና በስም መፈተን ሥራው ውስጥ መግባት አለበት።

ስለ መብራትም አንድ ቃል። በጠንካራ ሰርቨሮች ውስጥ ዲስኮቹን የሚመራው ካርድ ብዙ ጊዜ የራሱ ባትሪ አለው፤ ባትሪው ደህና ከሆነ ጽሑፉን በሜሞሪው ተቀብሎ "ጽፌያለሁ" ይላል፤ ባትሪው ሲደክም ለደኅንነት ብሎ በቀጥታ ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራል፤ ምዝገባውም ይንቀራፈፋል። መብራት በሚመላለስበት ከተማችን ይህ ባትሪ መታየት ያለበት ዕቃ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ በማዕከል ካለው ሰርቨር ይልቅ በየቢሮው ያለው አሮጌ ማሽንና የወረቀት መዝገብ ብዙ ሥራ ተሸክመዋል። በየጤና ኬላው በጎጥና በቤት ቁጥር ተደርድሮ የተቀመጠው የቤተሰብ ፎልደር ያኔም በሰከንዶች ይገኝ ነበር።

በሰሜንም በማዕከላዊም በምዕራብም ጎንደር ሰርቨር ለመግዛት የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ ኃላፊዎችን የምለምነው ይህንን ነው። ከግዢው በፊት አሮጌው ማሽን ላይ ከሁለት ሰከንድ በላይ የሚፈጁ ጥያቄዎች ለአንድ ሙሉ ወር፣ የሪፖርት ቀናቱን ጨምሮ፣ ተመዝግበው ይቀመጡ። የአሮጌው ማሽን የማስተካከያ ፋይል ከዳታው ጋር ይዛወር። በውሉ ላይ ከዕቃው ዋጋ ጎን ለጎን የማስተካከያ ጊዜና ያንን የሚሠራ ሰው ክፍያ ይጻፍ፤ ርክክቡም በ10 ቀን ሳይሆን ሪፖርቱ በሚበዛበት ሳምንት ይፈረም። በፍተሻው ዕለት የካርድ ክፍል ሠራተኞች ወንበር ይሰጣቸው፤ ስሙን እየጠሩ ይፈልጉበት፤ እነሱ አገኘን ሳይሉ ማንም እንዳይፈርም።